በሚያስጨንቅ ጊዜ ዘርን ስለ መጠበቅ



ለዚህ እትም እንድጽፍ የተሰጠኝ ርእስ «ነገ ምን እንደሚሆን በማይታወቅበት ወቅት በሥራና በቤት ጸንቶ ስለ መቆም» የሚል ነው። ርእሱን በተቀበልሁ ጊዜ በመጀመሪያ ያሰብሁት ምክር ለመጻፍ ነበር። ምክር ግን ሁላችንም ከበቂ በላይ ሰምተናል፤ «አይዞአችሁ፣ ታገሡ» የማይለን የለም። ስለዚህ በበኩሌ ምክሩን ለታላላቆቻችን ትቼ፣ እኔ ራሴ ያጠፋሁትን አንድ ጥፋት ልነግራችሁ ወደድሁ። ጥፋቱ የተፈጸመው እዚሁ ጎጆ በእናቴ ማሳ ላይ ሲሆን፣ ነገሩም ስለ ድንች ነው። «ድንች ከትምህርታችን ጋር ምን አገናኘው?» የሚል ካለ እስከ መጨረሻው እንዲያነብልኝ እለምናለሁ።

ጎጆን ለማታውቁት የአምቦ፣ የጉደርና የጊንጪ ልጆች ጥቂት ልበል። ጎጆ የጀልዱ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ ከሚወስደው አውራ ጎዳና ወደ ሰሜን ገባ ያለች፣ ብርድና ጉም የማይለያት ደጋ ናት፤ ገበሬውም በይበልጥ የሚያመርተው ገብስ፣ ስንዴና ድንች ነው። የጀልዱ ድንች የሚፈለገው ለመብል ብቻ አይደለም። የሆለታ የግብርና ምርምር ማዕከል ያወጣቸውን «ጃለኔ»፣ «ጉደኔ»ና «በለጠ» የተባሉትን ዝርያዎች ተቀብለው፣ ዘሩን አባዝተው ለሌላ አካባቢ ገበሬ የሚሸጡ ሰዎች አሉን። ስለዚህም በኛ ዘንድ የመብል ድንችና የዘር ድንች የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

የዘር ድንች እንደ እህል በጎተራ አይከተትም። በጨለማ ከተቀመጠ ቡቃያው ነጭና ረጅም ሆኖ ይወጣል፤ ሲነኩት ይሰበራል፤ ቢተከልም ጉልበት የለውም። ስለዚህ ጣራው የተከደነ፣ ግድግዳው ግን ብርሃንና አየር እንዲያሳልፍ በአራራቀ እንጨት የተሠራ ቤት ይሠራለታል፤ በውስጡም በቆጥ ላይ ሳሳ ተደርጎ ይደረደራል። ፀሐይ በቀጥታ አታገኘውም፤ ብርሃኗ ብቻ ይደርሰዋል። እንዲህ ሲሆን ድንቹ አረንጓዴ ይሆናል፤ ቡቃያውም አጭር፣ ወፍራምና ጠንካራ ሆኖ እስከ ተከላ ወራት ይቆያል። አረንጓዴ የሆነ ድንች ደግሞ ይመራል፤ ሰውንም ስለሚጎዳ አይበላም። እንግዲህ ገበሬው ውሳኔውን የሚያደርገው ድንቹ በተቆፈረ ሰሞን ነው፤ ይህ ለመብል፣ ይህ ለገበያ፣ ይህ ለዘር ብሎ ይለያል። አንዴ ቆጥ ላይ ወጥቶ ካረነገደ በኋላ «ጥቂት ላንሣለት» ማለት አይቻልም። ይህን ያህል በዝርዝር የተናገርሁት፣ ጥፋቴ በዚያች የመለያ ቀን የተደረገ ስለ ሆነ ነው።

ጊዜውን ሁላችሁም ታስታውሱታላችሁ። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ መገኘቱ ተነገረ። በቀናት ውስጥ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ወጣ። ሰኔ 22 ቀን የአምቦው ልጅ ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ በአዲስ አበባ ተገደለ፤ ሰኔ 25 ቀን በአምቦ ተቀበረ፤ ኢንተርኔትም ለሳምንታት ተቋርጦ ቆየ። ብዙ ቤት ውስጥ ልቅሶ ነበረ። አዲሱ ዓመት ገብቶ ገና ሳንረጋጋ፣ በጥቅምት ወር 2013 ዓ.ም. መጨረሻ ገደማ በሰሜን ጦርነት ተጀመረ። እኔ በዚያን ጊዜ በአምቦ ከተማ በአንድ መሥሪያ ቤት በጽሕፈት ሥራ ላይ ነበርሁ። በቀን ውስጥ ዐሥር ዓይነት ወሬ እሰማ ነበር፤ ጠዋት የሰማሁትን ማታ ሌላው ያፈርሰዋል።

በኅዳር ወደ ቤቴ ስመጣ ድንች እየተቆፈረ ነበር። አባታችን ካረፈ ወዲህ የቤቱን ነገር የምትወስነው እናቴ ናት፤ እኔም ታላቅ ልጅ ስለ ሆንሁ ታማክረኛለች። ስድስት ኩንታል ለዘር ለይታ አስቀምጣለች። እኔም «መንገድ ሊዘጋ ነው ይባላል፤ ነገ ምን እንደሚመጣ አይታወቅም፤ ሁሉንም ለመብል ሸጠን ብሩን እንያዝ፤ ዘር ሰኔ ላይ ከገበያ ይገዛል» አልኋት። በኛ ቤት የምንነጋገረው በኦሮምኛ ነውና ያለችኝን ወደ አማርኛ ስመልሰው ጥቂት ይደበዝዛል። «ብሩን ብተክለው ይበቅልልኛል ወይ፣ ልጄ?» አለችኝ። እኔ ግን የከተማውን ወሬ ሁሉ እየደረደርሁ ሞገትኋት። በመጨረሻም «የተማርሽው አንቺ ነሽ» ብላ ተወችልኝ። እንዲህ ስትለኝ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ዛሬ ሳስበው ከሁሉ ይልቅ የሚያሳፍረኝ ያ ደስታዬ ነው።

ብሩ አልባከነም። ዘይት ተገዛበት፤ የታናሽ ወንድሜ ትምህርት ቤት ሲከፈት ደብተርና ጫማ ተገዛበት፤ እናቴ ስትታመም መድኃኒት ተገዛበት። በየካቲት ግን አልቆ ነበር። ሰኔ ሲደርስ ከምናውቃቸው ዘር አባዢዎች እንዳንገዛ ዋጋው ከአቅማችን በላይ ሆነ፤ ስለዚህ በየት ማሳ እንደ በቀለ ከማናውቀው ድንች ከገበያ ገዝተን ተከልን። ሲያዩት ንጹሕ ነበር። በነሐሴ አበባ ማውጣት ሲጀምር ግን፣ ቅጠሉ ገና አረንጓዴ ሳለ፣ ተክሉ በቀትር ጠውልጎ ይውል ጀመር። ጎረቤታችን የሆኑ አንድ ሽማግሌ መጡና ከጠወለገው ተክል ግንዱን በምላጭ ቆርጠው፣ ንጹሕ ውኃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ጫፉን ነከሩት። ጥቂት ቆይቶ ከተቆረጠው በኩል እንደ ወተት ያለ ነጭ ክር ወደ ታች መውረድ ጀመረ። «አጠውልግ ነው፤ ከዘሩ ጋር ገብቷል» አሉን።

የባክቴሪያ አጠውልግ የሚባለው ይህ በሽታ በሚረጭ መድኃኒት አይድንም። በአፈሩ ውስጥ ይቆያል፤ በጎርፍ፣ በዶማና በጫማ ላይ በተጣበቀ ጭቃ ወደ ጎረቤት ማሳ ይሻገራል። ሽማግሌው የጠወለገውን ሁሉ ነቅለን እንድናቃጥል፣ በዚያ መሬት ላይ ለዓመታት ድንችም ቲማቲምም ቃሪያም እንዳንተክል፣ ገብስና ስንዴ ብቻ እንድንዘራ፣ በራሱ ጊዜ የሚበቅለውንም ድንች እየለቀምን እንድንጥል ነገሩን። በስድስት ኩንታል ድንች ዋጋ የእናቴን መልካም መሬት ከድንች አወጣሁት ማለት ነው። እናቴ አንድ ቀን እንኳ «አላልሁሽም ወይ?» አላለችኝም።

ከዚያ በኋላ ራሴን ስመረምር አንድ ነገር ተገለጠልኝ። ያን ጊዜ አልተራብንም ነበር። መንገዱም እንደ ተወራው አልተዘጋም ነበር። ያስቸኮለኝ ችግሩ ራሱ ሳይሆን ወሬው ነበር። የፈራ ሰው ደግሞ በቶሎ ወደ ብር የሚለወጠውን ነገር ይፈልጋል፤ በቤቱ ውስጥ ሳይነካ የተቀመጠውም ዘር ስለ ሆነ እጁ በመጀመሪያ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው።

በዚህ ምክንያት ስለ ዘር ያገኘሁትን ሁሉ ማንበብ ጀመርሁ። ኒኮላይ ቫቪሎቭ የሚባል ሩሲያዊ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1927 ወደ አገራችን መጥቶ፣ ከራስ ተፈሪ ጋር ተገናኝቶ፣ በየአውራጃው እየዞረ የስንዴ፣ የገብስና የሌላም እህል ዘር ሰብስቦ ነበር። ከልዩ ልዩ አገሮች የሰበሰበው ዘር በሌኒንግራድ ከተማ በሚገኘው ተቋም ተቀምጦ ነበር፤ ከአገራችን የሄደውም የዚሁ ክምችት ክፍል ነበር። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1941 የጀርመን ጦር ከተማዋን ከበበ። ከበባው ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ያህል ቆየ፤ እጅግ ብዙ ሕዝብ በረሀብ ሞተ። የተቋሙ ሠራተኞች ግን በየክፍሉ ሩዝ፣ ስንዴና ባቄላ ተደርድሮ ሳለ አልነኩትም። ድንቹ በብርድ እንዳይሞት በየተራ እሳት እያነደዱ ይጠብቁት ነበር። ከእነርሱ መካከል ብዙዎች በዚያው ክረምት በረሀብ ሞቱ፤ የሩዙ ክምችት ጠባቂ የሞተው ሩዙ በአጠገቡ ሳለ ነው። ቫቪሎቭ ራሱ አስቀድሞ በመንግሥቱ ታስሮ ስለ ነበር እ.ኤ.አ. በጥር 1943 በሳራቶቭ ወህኒ ቤት አረፈ፤ የዓለምን እህል የሰበሰበ ሰው የሞተው ተርቦ ነው።

ይህን ታሪክ ለእናቴ ሳነብላት ረጅም ጊዜ ዝም አለች። ቀጥላም «ልጆች አልነበሯቸውም ወይ?» አለችኝ። ጥያቄዋ ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ። ልጅ ከተራበ ዘር ይበላል፤ ይህም ነውር አይደለም። በ1977ቱ ረሀብ በወሎና በትግራይ የነበሩ ወገኖቻችን ዘራቸውን የበሉት ስለ ፈሩ ሳይሆን ስለ ተራቡ ነው፤ በእነርሱ ላይ ሊፈርድ የሚችል የለም። እንዲህ ላለው ቀን የደከመልን ሰው ደግሞ ከራሳችን ወገን ነበር። ዶክተር መላኩ ወረደ በአዲስ አበባ የሚገኘውን የዕፀዋት ዘር ማዕከል እየመሩ፣ ከየገበሬው የተሰበሰበው አገር በቀል ዘር በመጠባበቂያ እንዲቀመጥና በድርቅ ዘሩን ላጣ ገበሬ እንዲመለስ አድርገዋል። እ.ኤ.አ. በ1989 ስለዚሁ ሥራቸው «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል። ስለ እርሳቸው በየትምህርት ቤቱ አለመነገሩ ይደንቀኛል፤ የእግር ኳስ ተጫዋች ስም ግን ሁላችንም እናውቃለን።

የዮሴፍንም ታሪክ ከዚያ ወዲህ በሌላ ዓይን ነው የማነበው። ሁላችንም የምናስታውሰው ሰባቱን የጥጋብና ሰባቱን የረሀብ ዓመታት ነው። ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 47ን ግን ረጋ ብላችሁ ብትመለከቱ፣ ግብፃውያን በመጨረሻ ወደ ዮሴፍ ቀርበው የለመኑት እንጀራ ብቻ አልነበረም፤ ምድሪቱ ባድማ እንዳትሆን ዘርም ጭምር ነው። ዮሴፍም ዘር ሰጣቸው፤ ከመከሩ አንድ አምስተኛውን ለፈርዖን እንዲያገቡ፣ የቀረው ግን ለመብላቸውና ለእርሻቸው ዘር እንዲሆን አዘዘ። ለዛሬ የሚሆነውና ለከርሞ የሚሆነው ለየብቻው ተቈጥሯል ማለት ነው።

አሁን ወደ ሥራ ቦታ ልመልሳችሁ፤ እዚያም ዘር አለና። በዚያው በ2012 ዓ.ም. ክረምት በመሥሪያ ቤታችን «ሠራተኛ ሊቀነስ ነው፤ ክፍሎች ሊታጠፉ ነው» የሚል ወሬ ነበር። አብዛኞቻችን ጠዋት ፈርመን ገብተን፣ ስልካችንን ይዘን ተቀምጠን እንውላለን። ጡረታቸው የተቃረበ አንድ የንብረት ክፍል ሠራተኛ ግን በየጠዋቱ የገባውን በሞዴል 19፣ የወጣውን በሞዴል 22 እያመሳከሩ በየቢን ካርዱ ላይ ያወራርዱ ነበር። አንድ ቀን አንዱ ልጅ «ጋሼ፣ አገር እየታመሰ እርስዎ ሚስማር ይቆጥራሉ?» ብሎ ቀለደባቸው። እርሳቸውም ቀና ሳይሉ «አገሩን ማን አስረከበኝ? የተረከብሁት ሚስማሩን ነው» አሉት። ሁላችንም ሳቅን። ቆይቶ ለየቅርንጫፉ ሳሙናና መታጠቢያ በርሜል በአስቸኳይ ይከፋፈል ሲባል፣ ምን ያህል እንዳለና የት እንዳለ በግማሽ ሰዓት ውስጥ የተናገሩት እርሳቸው ብቻ ነበሩ።

የእኔን ጠረጴዛ ደግሞ ልንገራችሁ። ሦስት ወር ያህል ደብዳቤ ፋይል ሳላደርግ አከማችቼ ነበር፤ «ነገ ክፍሉ የሚታጠፍ ከሆነ ምን ያደክመኛል?» ብዬ። በዚያ ክምር ውስጥ የአንዲት እናት የጡረታ ወረቀት ነበረበት። ሴትየዋ ከገጠር አራት ጊዜ ተመላልሳለች፤ ሦስቱን ጊዜ «አልደረሰም» ብዬ መልሻታለሁ። በአራተኛው ቀን ክምሩን ገልብጬ ሳገኘው የመጣበት ቀን በማኅተሙ ላይ ይታይ ነበር። እርስዋ አልተቆጣችም፤ መርቃኝ ሄደች፤ እኔ ግን ምርቃቱ ከበደኝ። ክፍላችንም አልታጠፈም።

በሥራ ቦታ ዘር የምለው ይህን ነው፤ የተረከቡትን ነገር ማወቅ፣ እጅ ያልረሳው ሙያ፣ ባለ ጉዳይ «እገሌ ጋ ከሄድሁ ይገኛል» ብሎ የሚያሳድረው እምነት። ደመወዝ ቢዘገይ ይመጣል፤ ይህ ግን አንዴ ከተበላ ገበያ ላይ አይገኝም፤ ቢገኝም እኛ እንደ ገዛነው ዘር በሽታ ይዞ ይመጣል።

ስለ ቤት ብዙ አልናገርም፤ እናቶቻችን ከእኔ ይልቅ ያውቃሉ። በኛ ቤት በዚያ ዘመን ሁለት ነገር ሳይቋረጥ ቆየ። አንደኛው ወንድሜ ትምህርት ቤት በተዘጋባቸው ወራት ማታ ማታ ጮክ ብሎ ማንበቡ ነው። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ ነገር ግን በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ ትሰማዋለች፤ ሲዘል «ዘለልህ» ትለዋለች። እንዴት እንደምታውቅ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ሁለተኛው እድሩ ነው። ብር ያጠረው ሁሉ «ለጊዜው ልውጣ» ሲል፣ እርስዋ ሳንቲም ባጣችበት ወር በጣሳ ገብስ ሰፍራ ለዳኛው ወስዳለች። የእድሩ ሰዎች ተሳስቀው ተቀበሉት፤ በጥር ታማ በተኛች ጊዜ ግን እየተፈራረቁ ያስታመሟትና ማሳውን ያረሙልን እነዚያው ሰዎች ናቸው። ስለ ወሬም ቢሆን ደንብ አወጣች፤ ሬዲዮ ማታ አንድ ጊዜ፣ ከእራት በኋላ። ስልኬን ይዤ ከእራት በፊት ዜና ስጀምር «እንጀራውን አታምሪብን» ትለኛለች።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ የሚነሣ ይመስለኛል። ከእኛ መካከል ሥራ ፍለጋ አዲስ አበባ የገቡ፣ ወደ ዓረብ አገር የሄዱ፣ ቤታቸውን ለቀው ለመሰደድ የተገደዱም አሉ። እነዚህ ጸንተው አልቆሙም ልንል ነውን? አይደለም። ነፍስ በሚያሰጋ ነገር ፊት መሸሽ ተገቢ ነው። ነቢዩ ኤርምያስ ደብዳቤ የጻፈው ወደ ባቢሎን ለተማረኩት ነበር፤ በምዕራፍ 29 እንደምናገኘው ያዘዛቸውም በሄዱበት ቤት እንዲሠሩ፣ አትክልት እንዲተክሉ፣ ልጆች እንዲያሳድጉ፣ ለከተማዪቱም ሰላም እንዲጸልዩ ነው። በቅርቡ ትመለሳላችሁ እያሉ የሚያባብሏቸው ነበሩ፤ እርሱ ግን ሰባ ዓመት አላቸው። ከእኅቶቻችን አንዷ ከቤይሩት በጻፈችልኝ ደብዳቤ በሰገነቷ ላይ በቆርቆሮ ጎመን እንደ ተከለች ነግራኛለች፤ ይህን ሳነብ ያ ምዕራፍ ትዝ አለኝ።

የድንቹን ነገር ልጨርስ። በሰኔ 2014 ዓ.ም. እነዚያው ጎረቤታችን ሽማግሌ ንጹሕ መሆኑን የሚያውቁትን አንድ ኩንታል የዘር ድንች አበደሩን። ውሉ በወረቀት አልነበረም፤ መከር ሲደርስ አንድ ኩንታል ልንመልስ ነው። የታመመው ማሳ ጎርፍ ከማይደርስበት፣ ከቤታችን በላይ ካለች ቁራጭ መሬት ላይ ተከልነው፤ ለዚያች ማሳ ብቻ የሚሆን ዶማ ተለየላት፤ ስንገባም ጫማችንን እናጥባለን። በኅዳር 2015 ዓ.ም. ብድሩን መለስን፤ የተረፈውም ወደ ቆጥ ወጣ።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከመቶ ብር አለፈ። ዘይትና ማዳበሪያ የሚገዛ ሁሉ ምን እንደ ተሰማው ታውቃላችሁ። በቀጣዩ ኅዳር ድንቹ ሲቆፈር ወንድሜ፣ ጎረምሳ ሆኗልና፣ «ዋጋው ጥሩ ነው፤ ዘንድሮ ሁሉንም እንሽጥ፤ ከርሞ ምን እንደሚሆን ማን ያውቃል?» አለ። የእኔው ንግግር ቃል በቃል ሲመለስ ሰማሁ። እናቴ ወደ እኔ ተመለከተች፤ ሳቅዋን ለመደበቅ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። እኔም መልስ ሳልሰጠው ቅርጫቱን አንሥቼ ወደ ቆጡ ወጣሁ፤ እርሱም እያጉረመረመ ከታች ያቀብለኝ ጀመር። ስንጨርስ አራት ኩንታል ሆነ።

በታችኛው ማሳ ላይ ግን አሁንም የሚዘራው ገብስ ነው።